የካምፎር ዛፍ በግቢ ውስጥ፦ ሁሉም ነገር ከቦታው ይጀምራል

የካምፎር ዛፍ ለመትከል ካሰባችሁ ችግኝ ከመፈለጋችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ግቢያችሁን ለኩ። ዛፉ ሙሉ ሲሆን ቁመቱ ከ15 እስከ 30 ሜትር ይደርሳል፤ የጥላው ስፋትም ብዙ ጊዜ ከቁመቱ አያንስም፣ ሜዳ ላይ ብቻውን ከቆመ እንዲያውም ሊበልጠው ይችላል። በደቡብ ጃፓን ካጎሺማ የሚገኘው የካሞ ታላቁ ካምፎር የግንዱ ዙሪያ 24 ሜትር ያህል ነው፤ ዕድሜውም ወደ 1500 ዓመት ይገመታል። የእናንተ ዛፍ እዚያ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። ግን ጉልበት የማትደርስ፣ ቅጠሏ የሚያብረቀርቅ ችግኝ ፊት ለፊት ቆሞ ይህን ማሰብ ይከብዳል፤ ከዚህ ዛፍ ጋር የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው ደግሞ የሚወሰነው በተተከለበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረግ እንክብካቤ የተሳሳተ ቦታን አያርምም።

ካፉር እያልን የምናውቀው ነጩ፣ ሽታው አፍንጫ የሚከፍተው ነገር ከጥንት ጀምሮ የሚወጣው ከዚህ ዛፍ እንጨትና ቅጠል ነው። የትውልድ ስፍራው ደቡብ ቻይና፣ ታይዋን፣ ደቡብ ጃፓንና አካባቢው ሲሆን ከቀረፋና ከአቮካዶ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ይህ ዝምድና ስለ በሽታ ስናነሣ ይመለስብናል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የማያጣ ዛፍ ነው። ማንነቱን የምታረጋግጡት በቅጠሉ ነው፦ ርዝመቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ደብዘዝ ያለ፣ ከእግሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ሦስት ዋና ጅማቶች የሚለያዩበት። አዲስ የሚወጣው ቀንበጥ ቀላ ያለ ወይም የመዳብ መልክ ያለው ነው። አንድ ቅጠል በጣታችሁ ጨፍልቃችሁ አሽትቱ፤ የካፉር ሽታ ወዲያው ይመጣል። ሽታው ለስለስ ብሎ ወደ አበባ የሚያደላ ከሆነም ሌላ ዛፍ ነው ብላችሁ አትጣሉት። ዝርያው አንድ ሆኖ በዘይቱ ይዘት የሚለያዩ ዓይነቶች አሉ፤ አንዱ ካምፎር ይበዛበታል፣ ሌላው የአበባ ሽታ ያለው ሊናሎል፣ ሌላው ደግሞ በባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ያለው ሲኒዮል።

ወደ ቦታው ልመለስ። ከቤት ግድግዳ፣ ከፍሳሽ መስመር፣ ከውኃ ማጠራቀሚያና ከተነጠፈ መንገድ ቢያንስ 10 ሜትር፣ ቢቻል 15 ሜትር ይራቅ። በላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይለፍ። የካምፎር ሥር ከላይ ከላይ ይሰፋል፤ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎም ይሄዳል። ደኅና ቧንቧን ሰብሮ አይገባም። የሚገባው መገጣጠሚያው ላልቶ እርጥበት በሚያፈስ መስመር ነው፤ አንዴ ክር የመሰለ ሥር ከገባ ግን ውስጥ ለውስጥ እየፋፋ መስመሩን ይደፍነዋል። ንጣፍና ሲሚንቶ የሚነሣው ሥሩ በየዓመቱ ስለሚወፍር ነው፣ ለዚህ ከርቀት በቀር መድኃኒት የለውም። ያስቸገረውን ሥር ቆርጦ መገላገል እንደ መፍትሔ ሲመከር ይሰማል፤ እኔ አልስማማም። ዋና ሥሩ የተቆረጠ ትልቅ ዛፍ በዚያ በኩል መደገፊያውን ያጣል፣ በነፋስ ለመውደቅ ይቀርባል፣ ቁስሉም ለፈንገስ በር ይሆናል። ካምፎር ደግሞ ሥሩ ሲነካ ከብዙ ዛፎች ይልቅ ይከፋዋል።

ፀሐይ በደንብ የሚያገኝበት ቦታ ስጡት። ከፊል ጥላ ይችላል፣ ግን ቅርንጫፉ ይሳሳል፤ ወደ ብርሃን እየተሳበም ግንዱ ይጣመማል። ያደገ ዛፍ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ የሚወርድ አጭር ውርጭ ያልፋል። የአንድና የሁለት ዓመት ችግኝ ግን ጫፉ ይቃጠላል፤ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች በጨርቅ ወይም በጆንያ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። ጫፉ ከተቃጠለ ወዲያው አትቁረጡ። አዲስ እንቡጥ ከየት እንደሚወጣ እስኪታይ ጠብቁ፤ ያኔ እስከ ሕያው እንጨት ድረስ ብቻ ትቆርጣላችሁ።

አፈሩ ለም፣ አሸዋ የተቀላቀለበትና ውኃ የማያቁር ይሁን። ትንሽ አሲዳማ የሆነ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5.5 እስከ 6.5 አካባቢ ያለ አፈር ይመቸዋል። ኖራ በበዛበት አፈር ዛፉ ብረትና ማንጋኒዝ መውሰድ ያቅተዋል፤ ምልክቱ አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ መቅረቱ ነው። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ቀድመው ወጥ ቢጫ ከሆኑ ግን ነገሩ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ከአዲስ ሕንፃ ግድግዳ ሥር ያለ አፈር ብዙ ጊዜ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ ስለተቀበረበት፣ የቀረው ግቢ ደኅና ሆኖ እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ዛፍ ቢጫ ሲሆን ይታያል።

ዋልካ አፈር ላይ ከመትከላችሁ በፊት ውኃ አወራረዱን ፈትኑ። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውኃ ሞልታችሁ እስኪሰርግ ጠብቁ፣ እንደገና ሙሉትና በሰዓት ስንት እንደሚቀንስ ለኩ። በሰዓት ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከቀነሰ መልካም ነው። በማግስቱም ውኃው ካለ ያ ቦታ የካምፎር ቦታ አይደለም። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጎ በአሸዋ መሙላት አይረዳም፤ በዙሪያው ያለው ዋልካ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ውኃውን ይይዘዋል። ሌላ ቦታ ከሌለ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሰፊ የአፈር መደብ ሠርቶ እላዩ ላይ መትከል ይሻላል።

ከዘር ማፍላት የሚፈልግ ሰው ከምንም በላይ ትኩስ ዘር ይፈልግ። ፍሬው ሲበስል ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ነው፤ በውስጡ አንድ ዘር አለ። አረንጓዴውን አትልቀሙ። ደርቆ በወረቀት ከረጢት የከረመ ዘር ኃይሉን በፍጥነት ያጣል፤ ከሩቅ የተላከ ደረቅ ዘር ሳይበቅል የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው። ሥጋው በሙሉ መውጣት አለበት፣ ምክንያቱም ሥጋው ራሱ ዘሩ እንዳይበቅል ይከለክላል፣ አፈር ውስጥም ሻጋታ ይጠራል። ፍሬውን ለአንድ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በእጅ እሹት፣ ደጋግማችሁ እጠቡት። የጸዳውን ዘር እንደገና ለ24 ሰዓት ዘፍዝፉ። የሰመጠውን ትወስዳላችሁ፤ የሚንሳፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ወዲያው መዝራት ካልተቻለ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀላቅላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ አቆዩት። አንድ ወይም ሁለት ወር እንዲህ ቢቆይ አይጎዳም፤ አበቃቀሉንም ሊረዳ ይችላል። አሸዋው ሲጨበጥ ውኃ የማይንጠባጠብበት ይሁን፣ አለዚያ ይሻግታል።

ዘሩን በጋራ ሳጥን ሳይሆን በየራሱ ከረጢት ወይም ማሰሮ ዝሩ። ካምፎር ቅጠል ሳያበዛ በፊት ዋና ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ኋላ ለማዛወር ሲነቀል ያ ሥር ይቆረጣል፣ ችግኙም ለረጅም ጊዜ ይቆማል ወይም ይሞታል። ስለዚህ ጥልቀቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከረጢት ያስፈልጋል፣ ከረጢቱም ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃል። ዘሩን 1.5 ሳንቲ ሜትር ቅበሩት፣ አጠጡት፣ ከቀጥታ ፀሐይ ከልሉት። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ከአንድ ወር በኋላ ብቅ ማለት ይጀምራሉ፣ ሌሎቹ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃሉ። አበቃቀሉ ወጥ አይደለም፤ ከረጢቱን ከስድስት ወር በፊት ባዶ ነው ብላችሁ አትድፉ። ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ ውኃ በዝቶበታል፣ አየርም አጥቷል። ከላይ ያለው አፈር ደረቅ ሲል ብቻ አጠጡ፣ ጠዋት ጠዋት ይሁን። አራት ቅጠል ሲያወጣ ጥላውን ቀስ በቀስ ቀንሱለት፤ በአንድ ቀን ወደ ሙሉ ፀሐይ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ ነጣ ነጣ ብሎ ይቃጠላል።

ከቅርንጫፍ ማባዛትም ይቻላል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ለጋም ያልሆነ ፈጽሞም ያልጠነከረ ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ከወጣት ዛፍ የተወሰደ ይበልጥ ይይዛል፣ ከሽማግሌ ዛፍ የተወሰደ አብዛኛው ይደርቃል። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሡ፣ የቀሩትን ሁለት ሦስት ቅጠሎች በግማሽ ቁረጡ፣ የተቆረጠውን የታች ጫፍ ሥር በሚያስወጣ ዱቄት ንከሩና አሸዋና ፐርላይት (ቀላል፣ ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) እኩል በተቀላቀለበት ውስጥ ተክላችሁ በፕላስቲክ ሸፍኑት። ከሥር ትንሽ ሙቀት ካገኘ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። ይዞ እንደሆነ ለማየት አትንቀሉት። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ እንኳ ሥር ሳይኖረው ሊሆን ስለሚችል ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት፤ አልመጣም ካለ ይዟል። ሽታውን የወደዳችሁት አንድ የታወቀ ዛፍ ከሌለ በስተቀር ዘር ይሻላል እላለሁ።

የሚገዛ ችግኝ ትንሽ ይሁን፦ ከ40 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ሜትር የሆነው ያምራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ግን ማሰሮው ውስጥ ሥሩ ተጠምጥሞ የቆየ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ያው ጥምጥም ግንዱን ያንቀዋል። ከማሰሮው አውጥታችሁ እዩት። በዙሪያው የሚዞር እርሳስ የሚያህል ሥር ካለ ተዉት። ቀጭን ጥምጥም ብቻ ከሆነ ሦስት አራት ቦታ በስለት ከላይ ወደ ታች ሰንጥቃችሁ ትፈቱታላችሁ።

የመትከያው ጉድጓድ ስፋቱ የሥሩን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ጥልቀቱ ግን ከሥሩ ቁመት አይብለጥ። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከመሬት በላይ መታየት አለበት። ጠልቆ የተተከለ ካምፎር ለሁለት ሦስት ዓመት ደኅና መስሎ ይቆይና ቅርፊቱ ከአፈሩ ውስጥ መበስበስ ይጀምራል። ጉድጓዱን በወጣው አፈር መልሳችሁ ሙሉት፣ ማዳበሪያ ሥሩ ላይ አትጨምሩ፣ ወዲያው 20 ሊትር ውኃ አጠጡ። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አልብሱ፣ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። መደገፊያ እንጨት የሚያስፈልገው ነፋስ በበዛበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከዓመት በላይ አትተዉት፣ ያልተወዛወዘ ግንድ አይጠነክርም።

የመጀመሪያውን ወር በየሦስት ቀኑ 10 ሊትር፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዝናብ በሌለበት ሳምንት አንድ ጊዜ 20 ሊትር ይበቃዋል። በሁለተኛው ዓመት በደረቁ ወራት በየሁለት ሳምንቱ 40 ሊትር፣ ከግንዱ ርቆ የቅርንጫፉ ጫፍ ከሚያርፍበት በታች ይፍሰስ። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ደጋግሙ፣ ዋልካ ከሆነ አዘግዩ። ቅጠሉ ጠውልጎ ስታዩ ወደ ውኃ አትሩጡ፣ መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ሥሩ ውኃ ውስጥ ታፍኖ የበሰበሰ ዛፍም እንደ ተጠማ ዛፍ ይጠወልጋል፤ ብዙ ችግኝ የሚሞተው በዚህ ስህተት ነው። ማዳበሪያን በተመለከተ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እድገት ሊጀምር ሲል፣ 3 ሳንቲ ሜትር ኮምፖስት ላዩ ላይ መበተን በቂ ነው። ዩሪያ የበዛበት ለጋና ረጅም ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ያንን ደግሞ ውርጩም ተባዩም ይወድደዋል።

ቅርጹን የምታበጁት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። ካምፎር ከታች ጀምሮ ሁለትና ሦስት ግንድ ማውጣት ይወዳል። እኩል የሚወፍሩ ሁለት ግንዶች በጠባብ ማዕዘን ሲገናኙ መካከላቸው ቅርፊት ይቀበራል፤ እንጨቱ አይያያዝም፣ ዛፉ ሲከብድ ከዚያው ይሰነጠቃል። ቀጥ ያለውን አንዱን መርጣችሁ ተቀናቃኙን ገና በጣት ውፍረት ሳለ አስወግዱ። በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ሩብ በላይ አትቀንሱ። ወፍራም ቅርንጫፍ ሲቆረጥ በመጀመሪያ ከሥር ትንሽ ይጋዛል፣ ቀጥሎ ራቅ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፣ በመጨረሻ ጉቶው ከአንገቱ፣ ማለትም ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት እብጠት ላይ ይነሣል፤ እንዲህ ካልሆነ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይሄዳል። የዛፉን ጫፍ በጅምላ ቆርጦ ማሳጠር ፈጽሞ አይገባም። ጫፉ እንዲህ የተቆረጠ ካምፎር በአንድ ዓመት ውስጥ በደርዘን የሚቆጠር ቀጥ ያለ ሽቅብ ቀንበጥ ያወጣል፣ አያያዛቸውም ደካማ ነው።

ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ዛፉን ሙሉ በሙሉ አትተዉት፤ ማሰሮና አጥር አሉ። ለአብዛኛው የከተማ ግቢ እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ስፋቱም ጥልቀቱም ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ማሰሮ ውስጥ ካምፎር በሁለት ሜትር ቁመት ለዓመታት ሊያዝ ይችላል። በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ፣ አዲስ እድገት ሊጀምር ሲል፣ አውጥታችሁ ከሥሩ ዳር ሲሶውን ቁረጡ፣ ከቅርንጫፉም በዚያው ልክ ቀንሱ፣ በአዲስ አፈር መልሱት። ሥሩን ቀንሶ ቅጠሉን መተው የተለመደ ስህተት ነው፤ የቀረው ሥር ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። አጥር ለማድረግ በ80 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተክሎ በዓመት ሁለት ጊዜ መከርከም ነው። ሳይታክቱ የሚከረከም አጥር አበባ አያደርስም፣ ስለዚህ ፍሬም አያፈራም፤ ይህ ለምን መልካም እንደሆነ ከታች ታያላችሁ። ማሰሮ የማይበላሽ መፍትሔ የሚመስለው ግን ሥሩ በታችኛው ቀዳዳ ወጥቶ መሬት እስኪይዝ ነው። ማሰሮውን ጡብ ላይ አስቀምጡት፣ አልፎ አልፎም አንሥታችሁ እዩ።

ሁለት ነገሮች በሽታ መስለው ሰውን ያስደነግጣሉ። አንደኛው፣ ብርዱ ሲለቅ አዲሱ ቅጠል ሲመጣ አሮጌው በጅምላ ቀልቶ ይረግፋል። ዛፉ እየሞተ አይደለም፤ ልብሱን እየለወጠ ነው፣ ውኃም መድኃኒትም አትጨምሩ። ሁለተኛው፣ ቅጠሉን ስትገለብጡ ጅማቶቹ በሚለያዩበት ጥግ ትንንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። የተባይ ዕንቁላል አይደሉም፤ ዛፉ ራሱ የሚሠራቸው ጉድጓዶች ናቸው፣ ማይት የሚባሉ ጥቃቅን ሸረሪት መሳይ ፍጥረታት ይኖሩባቸዋል። በእብጠቶቹ ምክንያት መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

እውነተኛ ችግሮቹ ጥቂት ናቸው። ቅጠሉ ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ቀጥሎም ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ ስኬል የሚባሉትን ቅርፊት መሳይ ተባዮች ቅርንጫፉ ላይ ፈልጉ። ጉንዳኖች ሲመላለሱ ማየት ጥሩ ፍንጭ ነው። በትንሹ ከሆነ በሳሙና ውኃና በብሩሽ ይፋቃሉ፤ ከበዛ ለተክል የተዘጋጀ ቀላል የማዕድን ዘይት፣ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ሳይሆን ማታ ይረጫል። አንድ ጎን ብቻ ቅርንጫፍ እየደረቀ ሲሄድና እንጨቱ ሲቆረጥ ውስጡ የጠቆረ መሥመር ሲታይ ቨርቲሲሊየም የሚባለው የአፈር ፈንገስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ የደረቀውን አንሡ፣ ውኃውን አስተካክሉ፣ መቁረጫችሁን በየቆረጣው በአልኮል ጥረጉ። ከሁሉ የከፋው የሥር ብስባሴ ነው። መንስኤው ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ እ.ኤ.አ. በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በሱማትራ ከቀረፋ ዛፍ ላይ ነው፤ አቮካዶንም የሚያጠፋው ይኸው ነው። ውኃ በሚያቁር መሬት ይስፋፋል። አቮካዶ በዚህ ምክንያት በሞተበት ቦታ ካምፎር አትትከሉ፤ ከዚያ አፈር በአካፋም በጫማም አታጓጉዙ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የታየውና በጥቃቅን ጢንዚዛ የሚተላለፈው ላውረል ዊልትም ይህን ቤተሰብ ያጠቃል። ካምፎር ከአቮካዶ ይልቅ ይቋቋመዋል፣ ነገር ግን በሽታው ባለበት አገር የካምፎር ማገዶ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ በሽታውን ማዛመት ነው።

አሁን ፍሬው። ወፎች ይበሉትና ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉታል። ወደ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1822 ለጌጥ የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ በኩዊንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስ የጅረት ዳርቻዎችን የሞላ ወራሪ ሆኗል፤ በፍሎሪዳና በደቡብ አፍሪካም በወራሪነት ተፈርጇል። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት በምትኖሩበት አገር መትከሉ የተፈቀደ መሆኑን ጠይቁ፤ ከተከለከለ ነገሩ እዚያ ያብቃ። ከተፈቀደም ከወንዝና ከደን ዳር ራቁ፣ ከማፍራቱ በፊት የአበባ ዘለላውን የምትደርሱበትን ያህል ቁረጡ፣ ከዛፉ በታች ከወደቀ ፍሬ የበቀለውን ቡቃያ ከስንዝር ሳያልፍ ከእርጥብ አፈር ንቀሉ። ግማሽ ሜትር ከደረሰ በኋላ ሲነቀል ሥሩ ይበጠስና ያቆጠቁጣል።

ከዛፉ ሥር ሣር ይሳሳል፣ አትክልትም አይበረታም። ጥላው ወፍራም ነው፣ ሥሩ ላይኛውን ውኃ ይጠጣል፣ የረገፈው ቅጠልም የሌሎችን ቡቃያ ያዳክማል። ቅጠሉን ለራሱ ጉዝጓዝ ተዉለት። ደርቆ በጨርቅ ከረጢት የልብስ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ብልን ያርቃል፤ ሽታው ሲደክም ይለወጣል። ሻይ አታድርጉት፣ ዘይቱንም በቤት አታውጡ። ካምፎር ሲዋጥ መርዝ ነው፤ በትንሽ ሕፃን ላይ ትንሽ መጠን እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጥል ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። ሕፃን አፍንጫ አጠገብ አትቀቡ። ፍሬውን ወይም ቅጠሉን የበላ ልጅ ካለ ሳታስመልሱ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ድመትና ውሻም እንዲሁ ይጎዳሉ።

ዛፉን ማስወገድ ግድ የሆነ እንደሆነ መቁረጥ ብቻውን አይጨርሰውም። እ.ኤ.አ. በ1945 ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲፈነዳ በሳንኖ መቅደስ የነበሩት ሁለት ካምፎሮች ተቃጥለው ቅጠላቸውን በሙሉ ካጡ በኋላ እንደገና አቆጥቁጠዋል፤ የተቆረጠ ጉቶም እንዲሁ ያደርጋል። ጉቶውን በተቻለ መጠን ከመሬት አስጠግታችሁ ቁረጡና ባለው መመሪያ መሠረት የተዘጋጀ ግላይፎሴት የተባለ አረም ማጥፊያ በደቂቃዎች ውስጥ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ቀለበት ላይ በብሩሽ ቀቡ። ቆይቶ የተቀባ ወደ ሥሩ አይወርድም፣ ቁስሉ ይዘጋል። መድኃኒት የማትፈልጉ ከሆነ በየወሩ የሚወጣውን ቀንበጥ ሳይረዝም መስበር ይቻላል፤ ሥሩ ያከማቸው ኃይል እስኪያልቅ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ አንድ ወቅት ከተዘለለም መልሶ ይጠነክራል።